«ሄድኩ» የሚል ጠፋ

«እማዬ፣ አሸንፈሻል እኮ! በቃ ‹ሄድኩ› በያ!»

ሲና ትዕግሥቷ አልቆ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። እናቷ ዘነበወርቅ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። በአንድ ጣቷ የለስላሳ ቆርኪዋን ካርቶኑ ላይ ተጭና፣ በሌላ እጇ ፊቷ ያሉትን የወረቀት ካርዶች ታገላብጣለች።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ለእህቴ ሽቶ ይዣለሁ። ለልጆቹ ልብስ ይዣለሁ። ብርድ ልብስም አለኝ። ለጎረቤቶቹስ? በር በራቸው ላይ ቆመው እያዩኝ እጄን እያወዛወዝኩ ልለፋቸው?»

«እማዬ፣ የወረቀት ጎረቤት እኮ ነው!»

«የወረቀትም ቢሆን ጎረቤት ያማል» አለች ዘነበወርቅ፤ ከዚያ አንድ ካርድ ጨመረች።

የምሳ ሰዓት ግርግር አልፎ የዘነበወርቅ ምግብ ቤት ጋብ ብሏል። ውጭ ከኡጋንዳ የመጡ የጭነት መኪኖች የጁባን ካስተም ሰፈር አጨናንቀው ሲራገፉ ይሰማል። ውስጥ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ካርቶን ከበው ተቀምጠዋል፤ ዘነበወርቅ፣ የጎረቤት ግሮሰሪ ባለቤት ጋሽ ሐጎስ፣ እና ማዶ ፀጉር ቤት ያላት እትዬ ይመኙሻል። የሲና ጓደኛ ነጅዋ ጥግ ላይ ሆና በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። ነጅዋ የጁባ ልጅ ብትሆንም እስከ አሥር ዓመቷ ያደገችው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ አማርኛዋን ሰምቶ ዞር ብሎ የማያያት አበሻ የለም።

ጨዋታውን የፈጠረችው ሲና ናት። ስሙ «ሻንጣ» ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ለሕፃን እንኳ አይከብድም። ዳይስ ትወረውራለህ፣ ቆርኪህ ከከተማው ዳር ከጉምቦ ተነሥቶ፣ የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ በኮንዮ ኮንዮ ገበያና በካስተም በኩል ያልፋል። ገበያ ላይ ካረፍክ አንድ የስጦታ ካርድ ታነሣለህ። ሦስት ስጦታ ከያዝክ ኤርፖርት ገብተህ «ሄድኩ» ትላለህ። አልክ? አሸነፍክ። ይኸው ነው።

ግን «ሄድኩ» የሚል ጠፋ።

«ጋሽ ሐጎስ፣ እርስዎስ?» አለች ሲና፤ ድምፅዋ ወደ ልመና እያደላ ነበር። «ሰባት ካርድ ይዘው ምን ይጠብቃሉ?»

ጋሽ ሐጎስ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ለንስሐ አባቴ ጃንጥላ ሳልይዝማ አይሆንም።»

«የጃንጥላ ካርድ እኮ የለም!»

«ታዲያ ሥሪዋ! ጨዋታ ሠሪዋ አንቺ አይደለሽ?»

ይመኙሻል ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ሁለት ሾፌሮች ገብተው ምግብ አዘዙ። ዘነበወርቅም ካርዶቿን መሶብ እንደሚከደን በሳህን ከደነቻቸውና ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች። ጨዋታው እንደ ትናንቱ፣ እንደ ባለፈው እሑድ ሳያልቅ ተበተነ።

«ከላስ» አለች ነጅዋ ስልኳን እያጠፋች። በጁባ አረብኛ «አለቀ» ማለቷ ነው። «ወይም አላለቀም። እንጃ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቷል።»

ሲና ሆድ ብሷት ካርዶቹን ሰበሰበች። የትምህርት ቤቷ የጨዋታ ክበብ መምህር ሰማን ባለፈው ሳምንት የነገሯት ትዝ አላት። «መጀመሪያው ቆንጆ ነው፣ መሃሉም ያስቃል። የመጨረሻው ክፍል ግን የለም። ሰው ማለቅ እንዳለበት ካልተሰማው ጨዋታሽ ወንበር ላይ ያስተኛዋል እንጂ አያጫውተውም» ነበር ያሏት። ያኔ ተናዳ ነበር። ሰዎቹ ማሸነፍ እየቻሉ ካላሸነፉ የሷ ጥፋት ነው እንዴ?

እውነቱን ለመናገር ሲናን የሚያበሳጫት ጨዋታው ብቻ አልነበረም። ይመኙሻል ሐሙስ ለወንድሟ ሠርግ ወደ ሐዋሳ ልትበር ነው። ለሲናም ትምህርት ተዘግቷል። «ሲናን ስጪኝ፣ ይዣት ልሂድ፤ ይዣት እመለሳለሁ» ብላ ዘነበወርቅን ከለመነቻት ሰንብታለች። የትኬቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ሲና ዝም ትል ነበር፤ ትኬቱ ግን አልነበረም ችግሩ። የዘነበወርቅ መልስ አንድ ነበር፦ «ስንት ዓመት ጁባ ከርማ ባዶ እጇን? ሰው ምን ይለናል? ሻንጣው ይሙላና አብረን እንሄዳለን።»

ሐዋሳ ደግሞ ፀጋ አለች። ፀጋ የሲና ታናሽ እህት ናት። ወደ ጁባ ሲመጡ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረችና ሙቀቱ ይጎዳታል ተብሎ አክስታቸው ሰላም ጋ ቀረች። «ለጥቂት ወር ነው» ተብሎ ነበር። አንዱን ዓመት ጦርነት፣ አንዱን ዓመት በሽታ፣ አንዱን ዓመት ሥራ እያለ ፀጋ አሥር ዓመት ሞላት። ሲና እህቷን የምታውቃት በስልክ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ሲፈቅድ። ፀጋ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትከድን ታውቃለች። ቁመቷ የት ድረስ እንደሚደርስ ግን አታውቅም። ትከሻዋ ላይ? ጆሮዋ ላይ? አንዳንዴ ግድግዳው አጠገብ ትቆምና እጇን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትገምታለች። «ሻንጣ»ንም የሠራችው ለሷ ነው። አንድ ቀን ካርቶኑን አጥፋ ይዛላት ልትሄድ፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ሊጫወቱ።

በማግሥቱ ነጅዋ መጣች። ሁለቱ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል አልጋው ላይ ካርዶቹን ዘርግተው ቢያስቡ ቢያስቡ ጠብ የሚል ነገር አጡ።

«ሰዓት እናድርግበት» አለች ነጅዋ። «ደወል ሲጮህ ሁሉም ኤርፖርት!»

«እሱማ ማባረር ነው» አለች ሲና። «ራሳቸው ወደው እንዲሉት ነው የምፈልገው።»

«እና ምን ይዘው መሄድ እንዳለባቸው ለምን አንቆርጥላቸውም?»

የሲና ዓይን ቁምሳጥኑ አናት ላይ ያለው የእናቷ ሰማያዊ ሻንጣ ላይ ነበር። ወንበር ላይ ቆማ አወረደችው። አቧራው ሁለቱንም አስነጠሳቸው። ዚፑ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው የሽቶ ሽታ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ተንኖ ባዶ ሆኗል። ሥሩ ብርድ ልብስ፣ ሥሩ የታሸገ ሻርፕ፣ ከሁሉም ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የሕፃን ጫማ። ሮዝ ነው። ሲራመዱበት ተረከዙ ላይ መብራት የሚበራ ዓይነት።

ሲና ይህን ጫማ ታስታውሰዋለች። ከእናቷ ጋር ኮንዮ ኮንዮ ሄደው ነው የገዙት። ዘነበወርቅ ሻጩን «አራት ዓመት ለሞላት ልጅ» ብላው ነበር። ሲና ጫማውን መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። መዳፏን እንኳ በቅጡ አልሞላም። ተረከዙን ወለሉ ላይ መታ አደረገችው።

በራ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ከዚያ ጠፋ።

«ያራቢ!» አለች ነጅዋ። «እስካሁን ይሠራል?»

«እሱ ይሠራል» አለች ሲና። «እሷ ናት ያደገችው።» ከዚያ ያልጠበቀችው እንባ መጣባት፤ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

ነጅዋ ጫማውን ከእጇ ተቀበለቻት። «እኛ ከአዲስ አበባ ስንመለስ ምን ይዘን እንደመጣን ታውቂያለሽ? አንድ ፍራሽ። አባቴ ሼም ይዞት መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። አያቴ ግን ፍራሹን አላየችውም። አፌን አስከፍታ ጥርሴን ነበር የምታየው።»

«ደስ አለሽ?»

«ምን ደስ ይለኛል፣ ደበረኝ እንጂ! አላውቃትማ። ማታ ማታ እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ... እንጃ፣ ለመድኳት። አሁን እሷ ከሌለች እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ሲና ጫማውን አየች፣ ካርዶቹን አየች። ከዚያ እስክሪብቶ አነሣች። ሁለት ሕግ ብቻ ነው የለወጠችው። አንደኛ፣ ዙሩ በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሰው ሻንጣው ውስጥ ቀድሞ የገባውን ካርድ ይገለብጣል፤ የተገለበጠ ስጦታ ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሦስት ስጦታ መያዝ ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ ማንም በፈለገ ጊዜ፣ የያዘውን ይዞ «ሄድኩ» ማለት ይችላል። አንድ ሰው «ሄድኩ» ሲል ለሌሎቹ አንድ የመጨረሻ ተራ ይሰጣቸዋል። አብረው ይሄዳሉ ወይም ይቀራሉ። ከዚያ ጨዋታው ያልቃል።

«አሁንስ ምርጥ ሆነ!» አለች ነጅዋ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ሲናም ቆርኪ ይዛ ገባች። የመጀመሪያው ዙር እንደ ወትሮው ሳቅ ነበር። ጋሽ ሐጎስ የተሠራላቸውን የጃንጥላ ካርድ ሲያገኙ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ዙሩ ሲያልቅ ሲና ሁለቱን አዲስ ሕጎች ነገረቻቸው።

«ምን? ጃንጥላዬን ልገልብጥ?» ጋሽ ሐጎስ ካርዱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ለምን ሲባል?»

«ቆየ፣ ጋሼ። ዝናቡ አለፈ።»

«ኧረ ይቺ ልጅ ጉደኛ ናት!» አሉና እያጉረመረሙ ገለበጡት።

ዘነበወርቅ ግን አልሳቀችም። እሷ መጀመሪያ ያነሣችው የጫማ ካርድ ነበር። ሲና ነች በሮዝ እርሳስ የሣለችው፤ ተረከዙ ላይ ትንንሽ የብርሃን ጨረሮች አሉት። እናትየው ካርዱን ይዛ ቆየች።

«ይሄስ ለምን ይገለበጣል?»

«ጠበበ፣ እማዬ» አለች ሲና።

ዘነበወርቅ ካርዱን ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ አዲስ ካርድ በፍጥነት መሰብሰብ ጀመረች። ሽቶ አነሣች፣ ሻርፕ አነሣች፤ ዙሩ ሲዞር ሽቶው ተገለበጠ። ሳሙና አነሣች፤ ሻርፑ ተገለበጠ። በአንድ በኩል ስትሞላ በሌላ በኩል ይጎድላል። ጋሽ ሐጎስ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያሉት ለኛ ነው መሰለኝ» አሉ። ማንም አልሳቀም።

የሲና ተራ ደረሰ። ቆርኪዋ ኤርፖርት አጠገብ ነው። ፊቷ አንድ ያልተገለበጠ ካርድ ብቻ አለ። ለካርቶን ጨዋታ እንዲህ መደንገጥ አለ እንዴ! ቆርኪዋን ገፋ አደረገችው።

«ሄድኩ» አለች።

«በአንድ ዕቃ?» አለች ዘነበወርቅ።

«በአንድ ዕቃ።» ሲና እናቷን ቀጥ ብላ አየቻት። «ባዶም ቢሆን እሄድ ነበር፣ እማዬ። ሐሙስም እንደዚያው።»

ይመኙሻል ጉሮሮዋን ጠረገች። «የመጨረሻ ተራ አለን አይደል? እኔም ሄድኩ» ብላ ቆርኪዋን ከሲና ቆርኪ ጎን አስቀመጠች። ጋሽ ሐጎስ የተገለበጠውን ጃንጥላቸውን ትንሽ አዩትና፣ «የንስሐ አባቴ ይቅር ይበሉኝ። ሄድኩ» አሉ። ሦስቱ ወደ ዘነበወርቅ ዞሩ።

ዘነበወርቅ ቆርኪዋን ከኤርፖርቱ አንድ ቤት ቀረት አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ሲና ተከተለቻት። እናቷ ቢላዋ አንሥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀምራ ነበር። ለእራት ገና ነው።

«ተናደድሽብኝ?»

«አልተናደድኩም።» ቢላዋው ቆመ። «ሲኒዬ፣ አንቺ የምታስቢው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ብቻ ነው። እሱም አለ፣ አልዋሽሽም። ግን ልጄ እኔን የምታውቀኝ በስልክ ነው። ‹እማ› የምትለው ሰላምን ነው፤ እኔን ‹እማዬ ጁባ› ነው የምትለኝ። በር ላይ ስደርስ ምን እላታለሁ? ሻንጣው ሙሉ ቢሆን ቢያንስ እሱን እየከፈትን እናወራ ነበር። ‹ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄን ለኪው› እያልኳት። እጄ ሥራ ያገኝ ነበር።»

ሲና እናቷ እንዲህ ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ሄዳ ከጀርባዋ አቀፈቻትና ጉንጯን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች። የናፍቆት ነገር ለካ እናትንም እንዲህ ያስፈራታል።

«እኔም አላውቃትም» አለች በመጨረሻ። «እኔም ፈርቻለሁ።»

ዘነበወርቅ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ሽንኩርቱ ነው» አለች፤ ሁለቱም እንዳልሆነ ያውቃሉ። «ሂጂ። ሐሙስ ከይመኙሻል ጋር ሂጂ። ጌታ ይከተልሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ተራዬን አልጨረስኩም።» ቢላዋዋን አነሣች። «ካርቶኑን ግን አታፍርሱት። እንዳለ ፍሪጁ ላይ አውጡልኝ።»

ረቡዕ ወደ ሐዋሳ ደወሉ። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቆርጦ በአራተኛው የፀጋ ፊት ብቅ አለ። ሲና እንደምትመጣ ስትነግራት ፀጋ አፏን በእጇ ከደነች።

«እውነትሽን ነው? ማርያምን በይ– ማለቴ፣ በጌታ በይ!»

«በጌታ! ግን ስሚ፣ ምንም ይዤልሽ አልመጣም። ካርቶን ብቻ ነው የምይዘው፤ ጨዋታ። ሻንጣ ውስጥ ያለው ጫማም ጠቦሻል።»

ፀጋ ጥቂት አሰበች። «እሺ እግርሽ ስንት ቁጥር ነው?»

«የኔ? ለምን?»

«እማ ልትገዛልሽ ነዋ! እናንተ ጋ ጫማ ሻንጣ ውስጥ ነው አይደል የሚቀመጠው? እዚህ ግን ይደረጋል።»

ሲና ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። ዘነበወርቅ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ውኃውን ዘግታ እንደምትሰማ ሲና አየቻት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ይመኙሻል ታክሲ አስቁማ ከውጭ ተጣራች። ሲና የያዘችው የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ብቻ ነው፤ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የስልክ ቻርጀር። የቀረው ቦታ የካርቶኑ ነው። ወንበር ላይ ቆማ ፍሪጁ ላይ ያለውን «ሻንጣ» ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

ሦስት ቆርኪዎች ኤርፖርት ላይ ናቸው። የእናቷ ቆርኪ ከትናንት በስቲያ በተወችው ቦታ፣ አንድ ቤት ቀርታ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሮዝ ጫማው ካርድ አለ። ማክሰኞ ተገልብጦ ነበር የተተወው፤ አሁን ሥዕሉ ወደ ላይ ሆኗል። ማን እንዳቀናው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሲና እጇን መለሰች። ለፀጋ ስንት ጊዜ ያሰበችው ጨዋታ፣ ብቸኛ ስጦታዋ፣ ሊቀር ነው። አሁን አጥፋ ብትወስደው ግን ያቺ ቆርኪ ቦታዋን ታጣለች። ከወንበሩ ወረደች። ቦርሳዋ ቀሏት ነበር።

ዘነበወርቅ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ከማዕድ ቤት ብቅ አለች። ቦርሳውን አየች፣ ቀና ብላ ፍሪጁን አየች።

«ካርቶኑን ረሳሽው እኮ!»

ሲና እናቷን አጥብቃ አቀፈቻት። ወደ በሩ ሄደችና ዞር አለች።

«አልረሳሁትም፣ እማዬ» አለች። «ተራው ያንቺ ነው።»